የአቼቶ ስኒ

የአክስቴ ልጅ አደጋ የደረሰበት በ1996 ዓ.ም. ነው። ከገበያ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጦ ነበር። ሹፌሩ መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ሳያይ ከኋላው ገባበት። ስንደርስ ደም የለ፣ ጩኸት የለ፤ የሚታይ ቁስል ቢባል ጉልበቱ ላይ ያለች ጭረት ብቻ ናት። ቀኝ እግሩ ግን ከግራው አጠር ብሎ፣ ጉልበቱም ወደ ውስጥ ዞሮ ቀርቷል። ልናቃናው ስንሞክር ነው የጮኸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ያን ቀን ስንት በሽተኛ እንዳየ ከዓይኑ ይነበባል። ራጁን ወደ መብራቱ አነሣና «ፖስቲሪየር ዲስሎኬሽን ነው፤ አሴታቡለሙም ፍራክቸር አለው» አለ። ለነርሷ ይሁን ለእኛ አልታወቀም። ከዚያ ወደኛ ዞር ብሎ «ዳሌው ወልቋል፤ ስብራትም አለበት፤ ዛሬውኑ ሪፈር እጽፍላችኋለሁ» አለና ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

አክስቴ እኔን አየችኝ። በቤተሰቡ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ሐኪሙ ሲናገር «ገባኝ፣ ገባኝ» እያልኩ ጭንቅላቴን ስነቀንቅ አይታለች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ዳሌው ወልቋል ነው የሚለው» አልኳት።

ስብራቱን ዘለልኩት። ለምን እንደዘለልኩት ሳስበው ሃያ ዓመት አለፈኝ። የተሰበረው ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ይመስለኛል። አሴታቡለም የመድኃኒት ስም ይሁን የበሽታ፣ አጥንት ይሁን ጅማት አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ለተማረ ሰው ይከብዳል። አጎቴ «ወልቋል» የምትለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። ውልቃት በእኛ ቋንቋ የወጌሻ ነው። «ለውልቃትማ ማን ሆስፒታል ለሆስፒታል ይንከራተታል?» አለ። ልጁን በዚያው ሌሊት ወደ ቤት ወሰድነው።

በነጋታው ወጌሻው መጡ። በአካባቢው ስማቸው የታወቀ ሽማግሌ ናቸው። ዳሌውን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና እጃቸውን አነሡ። «ይኼ የእኔ አይደለም» አሉ። «ዘነዘናው ከሙቀጫው የወጣ ብቻ ቢሆን እመልሰው ነበር፤ ይኼ ግን ሙቀጫው ራሱ ነው የተሰነጠቀው። ብመልሰውም አይቀመጥም። ቶሎ ውሰዱት።»

እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያልተማሩት ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱኝ።

ሐኪም ወዳጆቼ ኋላ እንደነገሩኝ የጭን አጥንት ራስ ከቤቱ ሲወጣ ደም የሚያደርሱለት ቀጫጭን ሥሮች ይጠመዘዛሉ፣ ይወጠራሉ። እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቦታው ከተመለሰ ተስፋው ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሰዓት ያስከፍላል። እኛ ሌሊቱን በሙሉ አሳልፈነዋል። የልጁ አጥንት ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደም አጥቶ ሞተ፤ በ24 ዓመቱ በሁለት እግሩ ከቤት የወጣ ልጅ ከዚያ በኋላ ሲያነክስ ኖረ።

ያቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ስከታተላት ኖሬያለሁ። ሰው የበደለውን ሰው ይከታተላል፤ እኔ ቃል ተከታተልኩ። የቋንቋ አስተማሪ በሽታ ነው መቼም።

አሴታቡለም ላቲን ነው። ግርማ ያለው፣ በነጭ ጋውን የሚነገር ቃል ይመስላል። ሥሩን ሲፈቱት ግን ወጥ ቤት ይገባሉ። «አሴቱም» ኮምጣጤ ነው። ይኸው ቃል በጣሊያንኛ አቼቶ ሆነ፤ አቼቶ ደግሞ በእኛ ቤት ሰላጣ ላይ የምናፈሰው ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ያለች የቤት እመቤት ሁሉ የዚህን የሕክምና ቃል ግማሹን ሳታውቀው ታውቀዋለች። አሴታቡለም ማለት የአቼቶ ስኒ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ሮማውያን ማዕድ ሲቀርቡ አጠገባቸው ትንሽ የኮምጣጤ ዕቃ ይቀመጥ ነበር፤ እንጀራ ቆርሰን በርበሬ እንደምናስነካው ያስነኩበታል። ዕቃዋ በጊዜ ብዛት መለኪያም ሆነች። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ታላቁ ፕሊኒ መጠኗን ጽፎልናል፤ የሄሚና አንድ አራተኛ ናት ይላል። በዛሬ ስሌት ወደ 68 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። እኔም ለማረጋገጥ ከቤት አንድ የቡና ስኒ አንሥቼ በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ውኃ ሞላሁባት፤ እስከ አፏ ድረስ ከ70 ሚሊ ሊትር ትንሽ ለጠቅ ያለ ያዘች። ባለቤቴ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ላስረዳት አልቻልኩም። ለማንኛውም የሮማ አሴታቡለም የእኛ ስኒ ናት፤ እጄታ የላት፣ ክብ፣ በመዳፍ የምትያዝ።

ዕቃዋ ተራ እንደነበረች የሚመሰክር ሌላ ነገር አለ። በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሚዮ ከተማ አጠገብ ላ ግሮፈዘንክ በሚባል ቦታ በመጀመሪያው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ትልቅ የሸክላ ሥራ ሠፈር ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ በአንድ እቶን ውስጥ ማን ስንት ዕቃ እንዳስገባ በሳሕን ላይ እየጫሩ ይመዘግቡ ነበር። በነዚያ የሒሳብ ዝርዝሮች ውስጥ ከሳሕኑና ከጎድጓዳው ጋር «አሲታብሊ» በብዛት ተቆጥረው ይገኛሉ። አጻጻፉ ትክክለኛ ላቲን አይደለም፤ የሠፈር ሰው እንደሚናገረው ነው የተጻፈው። ሴኔካ ደግሞ በአንድ ደብዳቤው የጎዳና አስማተኞች ጠጠር የሚደብቁባቸውን ኩባያዎች በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ያችው ዕቃ ወጥ ቤትም፣ እቶንም፣ ገበያም ነበረች ማለት ነው።

ፕሊኒ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ይህችኑ ቃል ለዳሌ ጉድጓድ ተጠቀመባት። በዚያው መጽሐፍ የባሕር እንስሳት በክንዳቸው ላይ ያሏቸውን መምጠጫዎችም አሴታቡለም ይላቸዋል። ማንም አልተምታታበትም። አንባቢው ስለ ዓሣ ሲያነብ ዓሣ፣ ስለ ዳሌ ሲያነብ ዳሌ መሆኑን ያውቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ ከሮማም በፊት ይጀምራል። ግሪኮች ይህንኑ ጉድጓድ «ኮቲሌ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ኩባያ ነው። ሆሜር በኢልያዳ አምስተኛ መጽሐፍ ዲዮሜዴስ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ኤኔያስን ዳሌው ላይ ሲመታው ይተርካል፤ ድንጋዩ ያረፈው ጭን በዳሌ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ላይ ነው፤ ሰዎችም ያንን ቦታ ኩባያ እንደሚሉት ባለቅኔው ጣልቃ ገብቶ ያስረዳል። ያን ምዕራፍ ለዓመታት ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ። ስለ ጀግንነት፣ ስለ ንጽጽር ዘይቤ፣ ስለ አማልክት ጣልቃ ገብነት ብዙ ብያለሁ። ስለ ኩባያው አንድም ቀን አላነሣሁም። የአክስቴ ልጅ ራጅ ላይ የነበረው ግን የኤኔያስ ጉዳት ነው። ኤኔያስን እናቱ አፍሮዳይት ደረሰችለትና ከሜዳው አወጣችው። የእኛ ልጅ እናት ደግሞ እኔን አመነች።

ኮቲሌም እንደ አሴታቡለም መለኪያ ነበር፤ ከሮማ ሄሚና ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በመለኪያ ሒሳብ ከሄድን የሮማ ዳሌ የግሪክ ዳሌ አንድ አራተኛ ብቻ ይይዛል። ይህን ለአንድ የአጥንት ሐኪም ነግሬው አልሳቀልኝም።

ዕብራውያንስ? ያዕቆብ ከማይታወቀው ሰው ጋር ሌሊቱን ሲታገል አድሮ የተነካበት ቦታ ይኸው ነው። ዕብራይስጡ «ካፍ» ይለዋል፤ የጭን ካፍ። ካፍ መዳፍ ነው፤ ውኃ ለመጠጣት እንደምናጎደጉደው ያለ። በኦሪት ዘኍልቍ የዕጣን ጭልፋ የሚባለውም በዕብራይስጥ ካፍ ነው። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ «ከ» በግእዝ ስሙ ካፍ መሆኑን ያውቃል፤ ያው የመዳፍ ስም ነው። እንግዲህ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ይህን ቃል እናውቀዋለን፤ ምን እንደሚይዝ ግን አልነገሩንም።

አስቂኙ ነገር ኦሪትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ናቸው። ኮቲሌ የምትባል የተዘጋጀች ቃል በእጃቸው ነበረች፤ ሆሜር ተጠቅሞባታል። እነሱ ግን የጭኑ ሰፊ ክፍል ብለው አለፉት። ለምን? አላውቅም ብል ይሻላል፤ የመተርጎም ሥራን የሚያውቅ ሰው ግን ይገባዋል። ሥጋውን እያዩ አጥንቱን ዘለሉት። እኔም ያን ሌሊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ወደ ሥጋ ቤት ይዞረናል። ያዕቆብ የተነካው «ሹልዳ» ነው ብለው ጻፉ። ሹልዳን የማያውቅ ሥጋ በል የለም። ከታላቅ፣ ከታናሽ፣ ከሽንጥ ጋር የሚቆጠር የኋላ እግር ሥጋ ነው፤ ልኳንዳ ቤት ገብቶ «ከሹልዳው ጨምርልኝ» የሚል ሰው የያዕቆብን ትግል እየጠራ መሆኑን አያስብም። ቃሉ ፈረንጆች መጽሐፍ ውስጥም ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) አክሱም አጠገብ ወታደሮች ከአንዲት ላም፣ ላሟ በሕይወት እያለች፣ ከመቀመጫዋ ሥጋ ቆርጠው ቆዳውን መልሰው ሲያያይዙ አየሁ ብሎ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጻፈ፤ አገሩ ሳቀበት፣ ውሸታም አለው። ከእሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት በብዙ ነገር ብሩስን የማይወድ ሰው ነው፤ ሆኖም በ1814 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መጽሐፍ፣ ትግራይ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ያንኑ የመሰለ ነገር ማየቱን መዘገበ፤ የሚቆረጠውንም ሥጋ «ሹላዳ» ብሎ ጻፈው። የእኛ ሹልዳ በሎንዶን ክርክር አስነሣች ማለት ነው። ክርክሩ ግን ስለ ጥሬ ሥጋ ነበር፤ ስለ ስሙ ማንም አልጠየቀም።

የእስራኤል ልጆች ከዚያ ትግል የተነሣ የጭኑን ሥር አይበሉም። ሕጉን የሚጠብቁ አይሁድ ያንን ሥር ነቅሎ ማውጣት አድካሚ ስለሆነባቸው በብዙ አገር የኋላ እግሩን ጨርሶ ይተውታል። ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ በኢትዮጵያም ከሹልዳ የሚታቀቡ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል። ዛሬ በአዲስ አበባ ቁርጥ ቤቶች ስሄድ የሚታቀብ አላየሁም።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ግሪኩ ኩባያ አለ፣ ሮማዊው የአቼቶ ስኒ፣ ዕብራዊው መዳፍ። ዐረቦች ደግሞ «ሑቅ» አሉት፤ ክዳን ያላት ትንሽ ሣጥን ናት። የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ በመካከለኛው ዘመን ወደ ላቲን የመለሱት ሰዎች የገዛ አባቶቻቸውን አሴታቡለም ረስተውት ይሁን ንቀውት፣ «ፒክሲስ» የሚል የሣጥን ስም ሰጡት። ከዚያ እነ ቬሳሊየስ መጡ። የሰው አካል አሠራርን የሚናገረው የቬሳሊየስ ትልቅ መጽሐፍ በ1543 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ የዘመኑ አናቶሚስቶች ዐረብኛ የሸተተውን ሁሉ ጥለው ወደ ጥንቱ ላቲን መመለስ ይፈልጉ ነበር። ስኒዋም ተመለሰች። በ1895 (እ.ኤ.አ.) ባዝል ከተማ የተሰበሰቡ አናቶሚስቶች እስከ 50,000 የሚደርስ የተዘበራረቀ ስም ወደ 5,000 ገደማ ሲያወርዱ አሴታቡለም ተረፈች። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ድረስ ለሕመምተኛው የዳሌ መጥበሻ ነው የሚሉት፤ ግሪኮች አሁንም ኮቲሌ ይላሉ። ሁሉም ከጓዳው ወሰደ። እኛስ?

እኛ ለላዩ ሥጋ ስም ሰጠን፤ አጥንቱን ለውሻ ተውነው።

ሰው አፍ ሞልቶ «አማርኛ የአካል ስም የለውም» ሲል ግን አልወድም። ሐሰት ነው። የጉልበትን ክብ አጥንት ሮማውያን ፓቴላ፣ ትንሽዬ ሳሕን አሉት፤ እኛ ሎሚ አልነው። የትኛው ይበልጣል? ሲነኩት ሽርር የሚለውን ነገር ሳሕን ከማለት ሎሚ ማለት አይሻልም? ቲቢያ ዋሽንት ነው፤ እኛ አገዳ እንላለን። ፔልቪስ ሳፋ ነው፤ ክላቪክል ትንሽ ቁልፍ፤ ማስል ትንሽ አይጥ ናት። የላቲን አናቶሚ ሲገልጡት ሳፋው ውስጥ የአቼቶ ስኒ፣ ከታች ሳሕን፣ ከዚያ ዋሽንት የተደረደረበት የግብዣ ቤት ነው። የእኛም ሎሚና አገዳ ያለበት ጓሮ ነው። መንገዱ አንድ ነው። ዳሌ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ቆመ። ስለ ዳሌ ያልዘፈነ ዘፋኝ፣ ያላሽሟጠጠ ጎረምሳ የለም፤ ከውጭ በኩል ስንት ቃል አለን! በውስጡ ምን እንዳለ ግን ከወጌሻው በቀር የጠየቀ አልነበረም።

ከአጥንት ሐኪሙ ወዳጄ ጋር በዚህ ተከራክረናል። እሱ የሚለው ይህ ነው፦ እኛ በእንግሊዝኛ ተማርን፣ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ አሴታቡለም ስል ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበትን፣ በልጅነት በለስላሳ አጥንት ተያይዞ በጉርምስና የሚገጥመውን፣ ዙሪያውን ከንፈር የመሰለ ጠርዝ ያለውን ነገር ነው የምለው፤ ስኒ ብል የትኛውን ስኒ ልል ነው? ቀልድ ይሆናል። ሶኬት ብልም በሽተኛው መብራት ኃይል ይመጣል ብሎ ይጠብቃል።

ሳቅሁ፤ ሶኬቱ ላይ ልክ ነው። ሌላው ላይ ግን አልተስማማሁም። አሴታቡለምም ለሮማዊ ጆሮ ቀልድ ነበር። ሸክላ ሠሪው በሺህ የሚቆጥራት፣ አስማተኛው ጠጠር የሚደብቅባት ዕቃ ናት፤ ፕሊኒ በአንድ መጽሐፍ ለዓሣም ለዳሌም ተጠቀመባት። ቃሏ ትክክለኛ የሆነችው ከሰማይ ትክክል ሆና ስለወረደች ሳይሆን ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ስለተጠቀሙባት ነው። እኛ ዘንድ ስትደርስ ግን ስኒዋ ተሰብራ ድምፅዋ ብቻ መጣ። ሐኪሞች እርስ በርሳቸው በላቲን ቢነጋገሩ ችግር የለብኝም፤ ነገሩ የሚከፋው ራጁ ወርዶ፣ ፊታቸውን ወደ እናትየው ሲያዞሩ ነው።

ደግሞ ሐኪሞቹን ብቻ መውቀስ አልችልም። ከቃላት ፈጣሪዎቹ ወገንም ነበርኩ። በወጣትነቴ ባልደረቦቼና እኔ ከግእዝ እየመዘዝን የሳይንስ ቃል ስንቀምር እናመሽ ነበር፤ ስንቱ ቃል በወረቀት ላይ ተወልዶ በወረቀት ላይ አረጀ። ለዚህ ጉድጓድ ምን ብለን ነበር? ሙቀጫ ማለት ለአንዳችንም አልታየንም፤ ስኒም አልታየንም። የሚከብድ፣ የማይገባ ነገር ነበር የምንፈልገው። ላቲኑ እንደዚያ መስሎን ነበራ! ላቲኑ ግን እንደዚያ አልነበረም።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. 44 ዓመት ሞልቶት፣ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣው፣ ዳሌውን ሊያስቀይር ተቀጠረ። ይህ ሕክምናም የኩባያ ታሪክ አለው። በ1923 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ውስጥ ስሚዝ ፒተርሰን የተባለ ሐኪም የጭኑን አጥንት ራስ በብርጭቆ ኩባያ አለበሰው፤ ብርጭቆው ይሰበር ነበርና በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ብረት ተዛወረ። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ መጣ። ራሱን በትንሽ የብረት ሉል፣ ጉድጓዱን በሰው ሠራሽ ጽዋ ቀየረ። መጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎንን ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተበላ፤ ሕመምተኞቹንም እንደገና መክፈት ግድ ሆነበት። በ1962 (እ.ኤ.አ.) ጠንካራ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ተጠቀመና ነገሩ ጸና። ዛሬ የሚሠራው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። ሐኪሞች የሚተከለውን ዕቃ በእንግሊዝኛ በግልጽ ኩባያ ይሉታል፤ የአቼቶ ስኒ ውስጥ ኩባያ ይተክላሉ ማለት ነው፤ ሲናገሩት ግን አይሰሙትም።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ለቤተሰብ ሊያስረዳ መጣ። የፊተኛው ሐኪም አይደለም፤ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ትውልድ ነው። አክስቴ ሰማንያ ተጠግታለች፤ በፔርሙስ ቡና አምጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ለፊርማ ሲዘረጋ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ ሌሊቱ። ላብ አጠመቀኝ። ወጣቱ ሐኪም አየ መሰለኝ፤ «እማማ፣ ስኒዎን ይስጡኝማ» አለና ጠጥታ የጨረሰቻትን ስኒ ከእጇ ተቀበለ። አተላውን አፈሰሰ፤ እጁን ጨብጦ የመሀል ጣቱን አንጓ ስኒዋ ውስጥ አስገባና አዟዟረው። «የልጅዎ ጭን አጥንት ራሱ ክብ ነው፤ ዳሌው ውስጥ እንደዚች ስኒ ያለ ቤት አለው። የጭኑ ራስ ሞቷል። የስኒውም ጠርዝ ድሮ ተሰብሮ እንደነገሩ ነው የገጠመው። ሁለቱንም እንቀይራለን።» ይኸው ነው፤ ደቂቃም አልፈጀ።

አክስቴ ስኒዋን ተቀብላ ገለበጠቻት፣ ጠርዟን በጣቷ ዞረችበት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚህ አጥንት አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። አሁን ተከታትሎ መጣላት። አዲሱ ስኒ ከምንድን ነው? ከብረት ነው፤ ውስጡ ፕላስቲክ አለው። ፕላስቲኩ አያልቅም? ያልቃል፤ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ሲያልቅ ስኒው ሁሉ ይወጣል ወይስ ፕላስቲኩ ብቻ? ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት፤ ይህን የሚጠይቁት ተማሪዎቹ ናቸው መሰለኝ። «ብረቱ ጸንቶ ከያዘ ፕላስቲኩ ብቻ ይቀየራል» አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲያው ያን ጊዜ ውልቃት ብቻ አልነበረማ?» አለችኝ። «የስኒው ጠርዝም ተሰብሮ ነበር?»

«አዎ» አልኳት። «ሐኪሙም ብሎን ነበር።»

ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰችና ወረቀቱን ስጡኝ አለች።